ለቅበላ የጠራኋቸው እንግዶች

ወጥ መሥራት የማይችል ሰው ታውቁ ይሆናል። እንግዳ መጥራት የማይችል ሰው ግን አታውቁም፤ እንዲህ ያለ ሰው ቤት ማን ሄዶ ያውቃል? እንግዲያው ተዋወቁኝ፤ እኔ ነኝ።

የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ብቻዬን። ሥራዬ መንጃ ፈቃድ ለሚያወጡ ሰዎች የትራፊክ ሕግ ማስተማር ነው። ሰሌዳ ላይ መስቀለኛ መንገድ እስልና "ቅድሚያ ለማን ነው?" እላለሁ። እነሱ ሲሳሳቱ እኔ ሳርም ዕድሜዬ አርባን አለፈ። ደብረ ብርሃን የምትኖር አንዲት ታላቅ እህት አለችኝ፤ ስትደውልልኝ ሰላምታዋ "እንዴት ነህ?" ሳይሆን "አሁንም?" ነው። "አሁንም" እላታለሁ። ከዚያ ስለ ኑሮ ውድነት እንጫወታለን። አንድ ቀን ግን ብሶባት "አንተ ልጅ፣ ለመጣው ሁሉ ቅድሚያ ስትሰጥ መስቀለኛው ላይ ቆመህ ቀረህ" አለችኝ። ለተማሪዎቼ ምሳሌ እንዲሆን ደብተሬ ላይ ልጽፈው ብዬ ነበር፤ ኋላ አመመኝና ተውኩት።

ጓደኛ የለውም እንዳትሉ ደግሞ። ሦስት አሉኝ፤ መስፍን፣ ታደለና ዮናስ። ጎረምሶች ሳለን መካኒሳ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን አራታችንም እዚያች ውስጥ እንኖር ነበር። ፍራሹ ሁለት፣ ድስቱ አንድ። ራት በየተራ እንሠራለን፤ "እንሠራለን" ማለቴ ለክብራችን ብዬ ነው እንጂ። የታደለ ምስር ጥርስ ይፈትናል። የዮናስ ተራ ሲሆን ሽሮው ያርራል፤ ጥዶት መጽሐፍ ያነባላ! የላይ የላዩን እንበላለን፣ እሱ ሲያልቅ ያረረውንም እንበላለን። መስፍን ጨው ይረሳል፤ ስንነግረው "ጨው ለደም ግፊት ጥሩ አይደለም" ይላል፣ ገና ጢሙን ያላበቀለ ልጅ። እንዲያም ሆኖ እንደዚያ ዘመን ራት ጣፍጦኝ አያውቅም። አንዳችን ካመሸ ሌሎቻችን ድስቱን ከድነን እየተቁለጨለጭን እንጠብቃለን እንጂ ሳይመጣ የሚነካ አልነበረም።

ከዚያ አንድ በአንድ አገቡ። ለሦስቱም ሚዜ የሆንኩት እኔ ነኝ፤ በሦስተኛው ሠርግ የለበስኩት ያንኑ የመጀመሪያውን ሱፍ ነው፣ ቁልፉ ብቻ አልዘጋ ብሎኝ ነበር። መስፍን ፉሪ ቤት ሠርቶ ገባ፣ ታደለ እዚያው መካኒሳ ቀረ፣ ዮናስ ለቡ ተከራየ፣ ለእኔ የጀሞው ዕጣ ወጣልኝ። በዓል በመጣ ቁጥር ከሦስቱ ባንዱ ቤት እጠራለሁ። በልቼ፣ ጠጥቼ፣ የልጆቹን ጉንጭ ስሜ ልወጣ ስል ሚስትየው "ለነገም ትሁንህ" ብላ ወጥ በምሳ ዕቃ ትሰጠኛለች። ምሳ ዕቃ ደግሞ ባዶውን መመለስ ነውር ነው። ምን ልሙላበት እያልኩ ሳስብ ይከርማል፤ በዚሁ ምክንያት ዛሬ ኩሽናዬ ውስጥ ያለው ዕቃ በሙሉ የሰው ሚስት ዕቃ ነው።

ዘንድሮ ግን ቆረጥኩ። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ጾመኛው ሁሉ ሥጋን የሚሰናበትበት ቅበላ የሚባል ነገር አለ አይደል? የመጨረሻው እሑድ ማታ ቤቱ ሁሉ ቅቤ ቅቤ ይላል፤ ሰኞ ሲነጋ ሰውም ድስቱም ይጾማል። ለሦስቱም ደወልኩና "የዘንድሮው ቅበላ እኔ ቤት ነው፤ እሑድ ማታ አንድ ሰዓት፣ ከነሚስቶቻችሁ፤ ዶሮ የምሠራው እኔ ነኝ" አልኳቸው። ሦስቱም ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ሦስቱም "እሺ" አሉ። እኔ ሞኙ ዝምታውን ደስ ብሏቸው ነው ብዬ ተረጎምኩት።

ቅዳሜ ዶሮ ገዛሁ፤ ቀይ፣ ደልደል ያለች። ስመለስ የታክሲው ረዳት አየኝና "ፋዘር፣ ዶሮዋ ወንበር ከያዘች ትከፍላለች" አለኝ። አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግኋት። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ላባዋን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችና "ለቅበላ ነው? ባለቤትህ ባለሙያ ናት?" ብላ ጠየቀችኝ።

"በጣም!" አልኳት።

ውሸት የጀመርኩት እንግዲህ እዚያ ላይ ነው። ሴትየዋ ጀሞ እስክንደርስ ድረስ ሚስቴ ዶሮ እንዴት እንደምትሠራ እያስነገረችኝ ሄደን፣ ስወርድ "ሰላም በልልኝ" አለችኝ። ደረጃውን እየወጣሁ ሚስቴን በጣም ወደድኳት።

ዶሮዋን መታጠቢያ ቤት አስሬ አሳደርኳት። እሑድ ጠዋት በሩን ስከፍት ሳላስበው "ደህና አደርሽ?" አልኳት። እስቲ አትሳቁብኝ፤ ቤቴ ውስጥ ከኔ ሌላ የሚተነፍስ ነገር ካደረ ስንት ጊዜው መሰላችሁ? ጥርሴን እየቦረሽኩ ስለ ሥራዬ አወራኋት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ባንድ ዓይኗ ታዳምጠኛለች፤ ከተማሪዎቼ በእጅጉ ትሻላለች። "ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት" የሚለው ተረት ድንገት ትዝ ሲለኝ አፈርኩና ወሬዬን አቋረጥኩ። ከዚያ በኋላ ራሴ ማረድ አልሆነልኝም። የግቢያችን ማረጃ ያለበት፣ ኮሚናል የምንለው ቤት ይዣት ወርጄ፣ እዚያ በግ ሲያርድ ለነበረ ሰውዬ ሰጠሁትና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ሰውዬው ቢላዋውን እየጠረገ "ወንድም፣ ምነው? ዶሮዋን ታውቃታለህ እንዴ?" አለኝ።

ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት አላት ይባላል። እንግዳ ሲጠራ ደግሞ እያንዳንዱ ብልት ለማን እንደሚገባ ወግ አለው፤ ብልቷን ያበላሸ ወጡን አበላሸ ማለት ነው። ስልኬን ስኳር ዕቃው ላይ ደግፌ እህቴ ከደብረ ብርሃን ትመራኛለች። "መገጣጠሚያውን ፈልግ፤ ካገኘኸው ቢላዋው ራሱ ይገባል" ትለኛለች። መገጣጠሚያው ግን የለም። ፈልጌ ፈልጌ ሲያቅተኝ መክተፊያውን ወለል ላይ አውርጄ በቢላዋው ጀርባ መቀጥቀጥ ጀመርኩ። ጥቂት ቆይቶ በር ተንኳኳ። ከበታቼ፣ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት እትዬ አልማዝ ናቸው። ቤተሰቡ ከሆሳዕና የመጣ፣ እሑድ እሑድ መዝሙራቸው በወለሌ በኩል የሚሰማኝ፣ ደረጃ ላይ ከሰላምታ በቀር ተነጋግረን የማናውቅ ጎረቤቴ ናቸው።

"ወንድሜ፣ ሰላም ነው? ልጆቹ 'ላይ ቤት ሰው እየተደበደበ ነው' ብለው አስደነገጡኝ።"

"ዶሮ ናት እትዬ።"

"እስካሁን አልሞተችም?"

ገብተው መክተፊያውን አዩና "ጌታ ሆይ!" አሉ። ከዚያ ቢላዋውን ተቀብለውኝ የተረፈውን አዳኑ፤ ቢላዋው እሳቸው እጅ ሲገባ እውነትም ራሱ ይገባል። ሲጨርሱ ብልቱን ቆጠሩት። ዘጠኝ ሆነ። ደግመው ቆጠሩት። "ሌሎቹስ?" አሉ። መክተፊያው ላይ የነበረውን ደቃቅ አሳየኋቸው። ስንት እንግዳ እንደምጠብቅ ሲጠይቁኝ ስድስት ብዬ ነገርኳቸው፤ ያኔ ፊታቸው በራ። "ጌታ ይመስገን! እኔ እኮ እዚህ ቤት ሰው ሲገባ አይቼ አላውቅም" አሉኝ። ክፋት የላቸውም፤ ያዩትን ነው የተናገሩት። መቀመጫ እንደሌለኝ ሲያዩ ከቤታቸው በርጩማዎች አስመጥተው ደረደሩልኝ። ማታ ከነቤተሰብዎ ይምጡልኝ ብላቸው "ፕሮግራም አለን፣ ቸርች እናመሻለን፤ ደግሞ ስድስት እንግዳ ይዘህ እኛን የት ልታደርገን?" ብለው እየሳቁ ወረዱ።

ዶሮ ማጠብ የውሃ ሥራ መሆኑን የነገረኝ የለም። በሎሚ፣ በጨው፣ ደግሞ በሎሚ። እሑድ ደግሞ የኛ ብሎክ የውሃ ተራ አይደለም፤ የሳምንት ጄሪካኔ ዶሮዋ ላይ አለቀ። ቀጥሎ ሽንኩርት። እህቴ "ብዙ ነው ካልክ ጨምርበት" ብላኝ ነበርና ጨመርኩበት። ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እውነት ነው፣ መጀመሪያ በሽንኩርቱ የጀመርኩት ልቅሶ መሀል ላይ የራሱን ምክንያት አገኘ። እናቴን አስታወስኩ፣ መካኒሳን አስታወስኩ፣ ዶሮዋን አስታወስኩ። እህቴ በስልኩ ውስጥ "ታለቅሳለህ እንዴ?" አለችኝ። "ሽንኩርት ነው" አልኳት። እሷም "እዚህም ሽንኩርቱ ኃይለኛ ነው" አለችኝ።

ሽንኩርቱ ተቁላልቶ፣ በርበሬው ገብቶ፣ ወጡ መልክ መያዝ ሲጀምር መብራት ሄደ። ያለኝ የኤሌክትሪክ ምድጃ ብቻ ነው። ሮጬ ወጣሁና ፊት ለፊቴ ያለውን በር አንኳኳሁ። እዚያ የሚኖሩት ጋሽ ሸምሱ ናቸው፤ ዘመናቸውን ሁሉ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ አዛውንት። ባለቤታቸው ልጃቸው ወልዳ አራስ ሊያርሱ ወራቤ ከሄዱ ሰንብተዋል። ከሳቸውም ጋር ትውውቃችን ያው የደረጃ ነው፤ "እንደምን ዋሉ"፣ "አልሐምዱሊላህ"። የከሰል ምድጃቸውን ከነከሰሉ አውጥተው ሰጡኝና "ማታ ትመልስልኛለህ" ብለው በራቸውን ዘጉ።

እስኪመሽ ድረስ ኮሪደሩ ላይ ቁጢጥ ብዬ ሳራግብ ዋልኩ። ጭሱ እንዲወጣ የቤቴን በር ወለል አድርጌ ከፍቼዋለሁ። ደረጃ የሚወጣ የሚወርደው ሁሉ "ምን ሸተተን?" ይለኛል፤ የማይለኝንም እኔ ጠርቼ "ማታ እንግዶች አሉብኝ፣ ጭሱን ይቅርታ" እለዋለሁ። አምስተኛ ፎቅ የምትኖረውን ልጅ ሁለቴ ነገርኳት። እውነቱን ልንገራችሁ? ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ደስተኛ ነበርኩ። ዓይኔ ቀልቶ፣ ሸሚዜ በርበሬ ሆኖ፣ ጉልበቴ ታስሮ፣ ሰው የሚጠብቅ ሰው ነበርኩ።

ደግሞ ጉድ የሚባለው፣ ወጡ ጣፈጠ! በጭልፋ ቀምሼ አላመንኩም፤ ሌላ ሰው የሠራው መሰለኝና ደግሜ ቀመስኩ። እንቁላሎቹን ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ልጬ ጨመርኩ። አይቡን በሳህን አድርጌ፣ እንጀራውን ትሪው ላይ ዘርግቼ፣ ሻማ አብርቼ፣ በርጩማዎቹን ዙሪያውን ደረደርኩ። ሚስቶቹ ከግድግዳው በኩል፣ ባሎቹ ከበሩ በኩል። እኔ መሀል።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መስፍን ደወለ።

"ወንድሜ፣ ምን ብዬ እንደምነግርህ አላውቅም። አማቴ ቤት ነኝ።"

"ምነው? ምን ሆኑ?"

"ምንም አልሆኑም፤ ቅበላ ነዋ! በየዓመቱ እዚህ ነው። ላንተ እሺ ያልኩህ ጊዜ... ባለቤቴ ብትቀር አማቴ እስከ ፋሲካ አያናግሩኝም። እነታደለ ግን አሉ አይደል?"

ያገባ ሰው በቅበላ እሑድ የአማቱ ንብረት መሆኑን ያኔ ተማርኩ። ይህን ባለትዳር ሁሉ ያውቀዋል፤ ለላጤ የሚነግረው ግን የለም። ጓደኞቼም አልነገሩኝም፤ በአገራችን ሰው ራት ጠርቶት "አይ፣ አልመጣም" የሚል ፍጡር ገና አልተወለደም። ሁሉም "እሺ" ይልና የቀረውን ለእግዚአብሔር ይተወዋል። አሁን ለመስፍን እውነቱን ብነግረው የአማቱ ወጥ ጉሮሮው ላይ ይቆምበታል። ያኔ የታክሲዋ ውሸት ዘመድ ጠርታ መጣች።

"አሉ አሉ! ቤቱ ሞልቷል፣ አንተ ብላ" አልኩት።

ጥቂት ቆይቶ ታደለ ደወለ። የሚስቱ አጎት በግ አርዷል፣ ሁሉም እዚያ ነው፣ ያለ እነሱ አይቆረስም። "መቼም መስፍንና ዮናስ ካሉልህ እኔ ብቀርም አታዝንብኝም ብዬ ነው" አለኝ።

"ኧረ ምን ገዶኝ! መስፍን ይኸው አጠገቤ ነው።"

"እስቲ አገናኘኝ።"

"እጁ ወጥ ነው።"

"ድምጻቸው አይሰማኝም እኮ።"

"እየበሉ ነዋ ታደለ! ሰው አፉ ሞልቶ ያወራል እንዴ?"

ቢሆንም ልቤ አልረጋም። ባንድ እጄ ሹካ አንስቼ ሳህኑን አንቀጨቀጭኩ። ውሃ ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ ገለበጥኩ። ከዚያ ወደ አንዱ በርጩማ ዞር አልኩና፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "መስፍን! ኧረ ተው፣ ለሰውም አስብ! እንቁላሏን መልሳት! ሃ ሃ ሃ!" አልኩ። ታደለም ከወዲያ ሳቀ። "ያው ነው፣ አልተለወጠም" አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ "መቼ ይለወጣል!" እያልኩ የመስፍንን በርጩማ ትከሻ በሌለበት መታ መታ ሳደርግ፣ ቀና ብል ጋሽ ሸምሱ በሩ ላይ ቆመዋል። በሩን ለጭሱ ብዬ ከፍቼው እንደነበር ረስቼዋለሁ።

እኔን አዩ። በርጩማውን አዩ። ስልኩን አዩ።

"ደህና አመሸህ" አሉኝ ቀስ ብለው።

"በል ታደለ፣ እንግዳ መጣ" ብዬ ዘጋሁት።

ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላል የአገሬ ሰው። ብቻውን ያበሰለስ ምን ይሆናል? ስለሱ የተባለ ነገር አላውቅም። በሻማ ብርሃን ያ ሁሉ በርጩማ ተደርድሮ፣ ወጡ ድስቱ ሙሉ እየጨሰ፣ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ነገ ጾም ነው። ፍሪጅ ውስጥ ላስቀምጠው ብል መብራት የለም፤ ቢኖርስ ዶሮ እስከ ፋሲካ ይጠብቀኛል? በዚህች ማታ ካልተበላ ልፋቴ ሁሉ መደፋቱ ነው። ይሄ ግን አይደለም ያንገበገበኝ። ያንገበገበኝ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ እዚያ ትሪ ዳር ቁጭ እንዲልልኝ መፈለጌ ነው።

"እንግዶችህ ደረሱ?" አሉ ጋሽ ሸምሱ።

"አልመጡም ጋሼ" አልኳቸው። ከቅዳሜ ወዲህ የተናገርኩት የመጀመሪያው እውነት ሳይሆን አይቀርም።

"ምድጃዬን ፈልጌ ነበር፣ ሻይ ላፍላ ብዬ" አሉ።

"ፍሙ አልጠፋም፤ እዚሁ ያፍሉት!" አልኩ፣ በጣም ፈጥኜ። ሲሄዱብኝ ታይቶኝ ነው።

አሰብ አደረጉ። ቤታቸው ገብተው ጀበና የምታህል ማንቆርቆሪያና የስኳር ጣሳ ይዘው ተመለሱ። ኮሪደሩ ላይ ጥደው፣ ሻዩ ሲፈላ ይዘውት ገቡና አንዱ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። የተቀመጡት ከሚስቶቹ ወገን ነው፤ ግድ የለም። እኔማ ክንፍ አውጥቼ! ጭልፋውን አነሳሁ፣ ከዘጠኙ ብልት ትልቁን መርጬ፣ እንቁላል ደርቤ፣ ፊታቸው አፈሰስኩት። ጋሽ ሸምሱ ወጡን አዩት። እኔን አዩኝ። ያኔ ነው የገባኝ። የነሱን ሥጋ እኛ፣ የኛን ሥጋ እነሱ እንደማንበላ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር፣ ደስታ ሙልጭ አድርጎ አጥቦት ሄዷል።

"የናንተ ሥጋ ለኔ አይሆንም እኮ፤ ታውቅ የለ" አሉኝ፣ ሳይቆጡ።

"ይቅርታ ጋሼ። አይብስ? አይብ ላቅርብልዎ?"

"ራቴን በልቻለሁ፤ አትቸገር። ሻይ አለኝ።"

እንግዲህ እዩልኝ ዕድሌን። የበሉልኛል ያልኳቸው ቀሩ፤ የመጣልኝ አንድ እንግዳ ደግሞ ወጤን መቅመስ የማይችል ሆነ። የፈሰሰላቸውን ወጥ ወደ ራሴ ሳብ አድርጌ እንዳፈርኩ ቁጭ አልኩ።

ስልኩ ጮኸ። ዮናስ ነው። ከሦስቱ ለልቤ የሚቀርበው እሱ ነው፣ ሽሮ ያሳርር የነበረው።

"ምን እየሆነ ነው?" አለኝ ሳይሳለም። "መስፍን አሁን ደውሎ 'ጫወታው እንዴት ነው?' ሲለኝ እሱ ያለው አማቱ ቤት ነው። ታደለ ደግሞ 'መስፍን እዚያ ሆኖ ሲበላ ሰምቼዋለሁ' ይላል። እኔ እንኳ... እውነቱን ልንገርህ፣ ደክሞኝ ነው የቀረሁት። እነሱ አሉ ብዬ። ብቻህን ነህ እንዴ?"

ለዚህ ጥያቄ ስንት ዓመት መልስ አዘጋጅቼ ይመስላችኋል? "ሥራ በዝቶብኝ ነው"፣ "ነጻነት ነው"፣ "ማን ይነዝንዘኛል"። አንዱም አልመጣልኝም። ጋሽ ሸምሱ ብርጭቋቸውን ከአፋቸው አወረዱና "ማነው?" አሉኝ፤ ድምፃቸው ያው የከባድ መኪና ሾፌር ድምፅ ነው፣ ለቡ ድረስ ያለ ስልክም ይሰማል።

"ሰው አለ እዚህ" አልኩት ለዮናስ።

"እውነት? ልምጣ እንዴ?" አለኝ። ልምጣ ሲል አትምጣ በለኝ የሚል ድምፅ ነበረው፤ ለሃያ ዓመት የማውቀው ልጅ ነው፣ አይጠፋኝም።

"አትምጣ፤ አሁን ታክሲም አታገኝ። ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ" ብዬ ዘጋሁት። አልተቀየምኩትም። ትንሽ ተቀይሜዋለሁ። ትንሽ አይደለም።

ጋሽ ሸምሱ ሻያቸውን ፉት እያሉ ያዩኛል።

"ብላ እንጂ" አሉኝ።

"አልራበኝም።"

"ቀኑን ሙሉ ደረጃውን በወጥ ሽታ ስትገድለን ውለህ አልራበኝም ትላለህ?"

"ብቻዬን እንዴት ልብላ ጋሼ? እርስዎ አይቀምሱልኝ።"

"እኔ ተቀምጬ የለም? ብላ! ወላሂ፣ ካልበላህ ሻዬን ይዤ እነሳለሁ።"

ጠሪው እኔ፣ የምለመነው እኔ። እንጀራ ቆረስኩ። እነዚያ ምሳ ዕቃ የሚሰጡኝ ሚስቶች ደጎች ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው፤ ግን ቤቴ ገብቼ ስከፍተው ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ "ጨምር"፣ "ምነው ተውከው"፣ "ያቺን ደግሞ" የሚለኝ ሰው የለም። ጋሽ ሸምሱ ግን አሉኝ። ራሳቸው የማይነኩትን ወጥ በጣታቸው ከሩቅ እያመለከቱ "ያቺኛዋ ሥጋ አላት፣ እሷን ውሰድ" ይሉኛል። በየመሀሉ ስለ አሰብ መንገድ ያወሩልኛል፤ በረሃው ላይ ጎማ ፈንድቶባቸው ከረዳታቸው ጋር አንዲት ጣሳ ዓሣ ለሁለት እንዴት እንደበሉ። ሳቅሁ። ትሪው ላይ ፊቴ ያለው ወጥ ግን እየጎደለ ሄደ።

ሻያቸው አለቀ። ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጡ፣ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ግን አልተነሡም፤ ሰው እየበላ ጥሎ መነሣት ነውር ስለሆነ እስክጨርስ ይጠብቁኛል። ይህ ሲገባኝ ጉርሻዬን አሳነስኩ። ፊቴ የቀረችኝ አንዲት እንቁላል ናት። ለሁለት ከፈልኳት። ጋሽ ሸምሱ ያዩኛል። ግማሿን ደግሞ ለሁለት ከፈልኩና አንዷን ሩብ በትንሽ እንጀራ ጠቅልዬ፣ ቀስ ብዬ፣ ማላመጥ ጀመርኩ።